መድረሻው ይጮኻል፣ ታሪፉ አይነገርም

አዳማ መናኸሪያ በር ላይ አሥር ደቂቃ የቆመ ሰው ስለ መፈክር ብዙ ይማራል። ቀልዴን አይደለም። አንዱ ረዳት ግማሽ ሰውነቱን በበሩ አውጥቶ «አሰላ አሰላ አሰላ!» ይላል። ሌላው «ወንጂ የሞላ! ወንጂ የሞላ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ገባ ብለህ ስታይ ሦስት ሰው ተቀምጧል። ጥሪው አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ ከሩቅ ይሰማል። መሄድ የፈለገውን ከተቀመጠበት ያስነሳዋል፣ ያላሰበውንም አንዳንዴ ልቡን ያሸፍተዋል። አንድ ነገር ግን በሩ ላይ አይነገርም፤ ታሪፉ። እሱ የሚመጣው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ያኔ «ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም» ብለህ ብትከራከር ምን ዋጋ አለው፣ ተሳፍረሃል።

ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብሆን ደስ ባለኝ። የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ማታ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰፈር ውስጥ ካለች ጀበና ቡና ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ስልኬ ላይ በ2023 ኒያሜ፣ ኒጀር ውስጥ የተደረገውን ሰልፍ አሳየኋቸው። ወጣቱ ባንዲራ እያውለበለበ ፈረንሳይ ከአገራችን ትውጣ ይላል። የእኔ ደም ሞቋል። እሳቸው እስከ መጨረሻው አይተው ስልኩን መለሱልኝና «መድረሻውን ሰማን። ታሪፉን ጠይቀሃል?» አሉኝ። እኔም እሱን ሳብሰለስል ነው የከረምኩት።

አስቀድሜ ልበል፣ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። እኛ «መፈክር» ሲባል የሚሰማን ፉከራ ነው፤ ዘራፍ ብሎ የሚነሳ፣ ጎራዴ የሚመዝ። በግዕዝ ግን ፈከረ ማለት ተረጎመ፣ ፈታ ነው። መፈክር ደግሞ ተርጓሚው፣ ሕልም ፈቺው ነው፤ ዮሴፍ በፈርዖን ፊት ቆሞ የሠራውን ሥራ የሚሠራ ሰው። ጥሩ የነፃነት መፈክር ሁለቱንም ያደርጋል። ይፎክራል፣ ሕዝቡ ሌሊት ሌሊት ሲያልመው የከረመውንም በሁለት ቃል ይፈታለታል። ጣጣው የሚመጣው አደባባይ የወጣው ሰው ሁሉ ያለመው አንድ ዓይነት ሕልም ስላልሆነ ነው።

ጋናን እንውሰድ። ያኔ ስሟ ጎልድ ኮስት ነው። በ1947 ጠበቆችና ነጋዴዎች ያቋቋሙት ፓርቲ የሚጠይቀው ራስን ማስተዳደር «በተቻለ አጭር ጊዜ ውስጥ» ነበር። ጨዋ አባባል ነው፣ ደብዳቤ ላይ ያምራል። ግን እስቲ አደባባይ ላይ ጩኸው፣ አፍህ ውስጥ ይቀራል። ኩዋሜ ንክሩማ የዚሁ ፓርቲ ዋና ጸሐፊ እንዲሆኑ ከእንግሊዝ አገር ተጠርተው መጡ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተለያዩ፣ በጁን 1949 የራሳቸውን ፓርቲ አክራ ላይ መሠረቱ። ከአሮጌው መፈክር የቀየሩት የጊዜውን ቃል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። «ራስን ማስተዳደር አሁኑኑ!» ሆነ።

ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። «በተቻለ አጭር ጊዜ» ሲባል ግን አጭሩን የሚለካው ገዢው ነው፣ ሰዓቱ የታሰረው እንግሊዙ ክንድ ላይ ነው። «አሁኑኑ» ስትል ሰዓቱን ትቀማዋለህ። ደግሞ ለመረዳት ትምህርት ቤት መግባት አይፈልግም፤ ገበያ ላይ ዓሣ የምትሸጠው ሴት፣ ተምሮ ሥራ ያጣው ጎረምሳ ሁሉም ይገባዋል። የተማሩት ተቃዋሚዎች የንክሩማን ተከታዮች «የበረንዳ ልጆች» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር፣ እኛ በረንዳ አዳሪ እንደምንለው ነው። ስድቡን ልጆቹ ወደዱት።

በጃንዋሪ 1950 አድማው ተጠራ፣ ንክሩማ ታሰሩ። በፌብሩዋሪ 1951 እስር ቤት ሆነው ተወዳድረው አሸነፉ፣ እንግሊዞቹም ከእስር ቤት አውጥተው በሉ መንግሥት ምሩ አሏቸው። ታስረው የወጡ የፓርቲው ሰዎች «የእስር ቤት ምሩቅ» የሚል ምሕፃረ ቃል የተጻፈበት ኮፍያ ያደርጉ ነበር። ይሄ ሁሌ ያስቀኛል። ታሪፉን ከፍለው ደረሰኙን ራሳቸው ላይ አደረጉት እኮ!

«አሁኑኑ» ታዲያ 8 ዓመት ፈጀ። ማርች 6 ቀን 1957 ነፃነት መጣ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ መዘግየት አይደለም፣ የንክሩማ ሌላኛው አባባል ነው፤ «አስቀድማችሁ የፖለቲካን መንግሥት ፈልጉ፣ ሌላው ሁሉ ይጨመርላችኋል» የሚለው። ማቴዎስ ወንጌልን ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው፣ ጆሮ ላይ ወዲያው ይቀመጣል። ግን «ሌላው ሁሉ» ምንድን ነው? ዳኝነቱ፣ የካካዎው ዋጋ፣ የደመወዙ ነገር፣ መሪው ሲያጠፋ ማን እንደሚናገረው፣ ሁሉም አንድ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ለኋላ ተቀመጠ። ነፃነት በመጣ በዓመቱ፣ በ1958፣ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ጆሴፍ ዳንኳ፣ የዚያ «በተቻለ አጭር ጊዜ» የሚለው ፓርቲ አንዱ መሥራች፣ አገሪቱ ጋና የሚለውን ስም እንድትይዝ ብዙ የደከሙት ሰው፣ በ1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። በዓመቱ ንክሩማም በመፈንቅለ መንግሥት ተገለበጡ። የአኮሶምቦ ግድብ ተሠርቷል፣ የቴማ ወደብ ተሠርቷል፣ አልክድም። ግን «ይጨመርላችኋል» ተብሎ ከተገባው ቃል ውስጥ የዳንኳ እስር ቤት አልነበረም።

ሕንድ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ብዙ ተጽፎበታል። አንድ ነገር ብቻ። ኦገስት 8 ቀን 1942 ቦምቤይ ላይ ሁለት መፈክሮች አብረው ወጡ። አንደኛው ለእንግሊዝ የተነገረ ነው፤ ሕንድን ለቃችሁ ውጡ። ሁለተኛውን ጋንዲ ለራሳቸው ሰው ነው የተናገሩት፤ ወይ እናደርገዋለን ወይ እንሞታለን። የመጀመሪያው መድረሻ ነው፣ ሁለተኛው ታሪፍ፤ በሩ ላይ፣ ሳትሳፈር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መሪዎቹ ተለቀሙ፣ ዓመቱ ሳያልቅ የታሰረው ከ60 ሺህ አለፈ። አልተነገረኝም ያለ ግን የለም። ለሙስሊሞች የተለየ አገር የሚጠይቀው የሙስሊም ሊግ ደግሞ በበኩሉ «አገሩን ከፋፍላችሁ ውጡ» የሚል መልስ ይዞ መጣ። አንዲት ቃል ናት የተጨመረችው። በ1947 በዚያች ቃል ምክንያት ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ እንደተሰደደ፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ ታሪክ ያውቃል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ፣ ወደ ወንጂ። ወንጂ ከአዳማ ዝቅ ብላ አዋሽ ዳር ያለች ናት፣ የሸንኮራዋ። ያንን «የሞላ» የሚባል ሚኒባስ ከተሳፈርክ ብዙም አትቆይም። ከመፈክር ጋር ምን አገናኛት? ጃቫ ነው ያገናኛት፣ ኢንዶኔዥያ።

ኦገስት 17 ቀን 1945 ሱካርኖና ሃታ ጃካርታ ላይ ነፃነት አወጁ። የዚያ ትግል ቃል «መርደካ» ነው። ሥሩ ከሳንስክሪት ይመጣል ይባላል፤ በደቾች፣ ማለትም በሆላንዶች፣ የቅኝ ግዛት ዘመን ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች መጠሪያም ከዚሁ ቃል የወጣ ነበር። ስለዚህ መርደካ ብሎ መጮህ ባርያህ አይደለሁም ብሎ መጮህ ነው። አዲሱ መንግሥት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቃሉን የአገሪቱ ሰላምታ አደረገው። አስበው እስቲ! መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ እንደምን አደርክ በማለት ፈንታ እጅህን ዘርግተህ «ነፃነት!» ትላለህ፣ እሱም «ነፃነት!» ይልሃል። ያልመለሰ ሰው ወዲያው ይታወቃል። መፈክር አንዱ ሥራው ይሄ ነው፤ የኛን ሰው ከነሱ ሰው መለያ ወንፊት ይሆናል። ጥሩም ነው፣ ያስፈራልም።

ሆላንድ በጦር ልትመልሳቸው ሞክራ አልሆነላትም፣ በዲሴምበር 1949 ፈረመች። ጃቫ ላይ ትልልቅ የሸንኮራ እርሻ የነበረው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባው። ሌላ መሬት መፈለግ ጀመረ። ያገኘው የት ነው? አዋሽ ዳር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1954 ሥራ ጀመረ። ሜዳው ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ቦታውን ለቀቀ። ጃቫ ውስጥ የተጮኸ መፈክር ውጤቱ እዚህ ደረሰ ማለት ነው፤ እዚያ ገበሬው መርደካ ብሎ ያሰጋው ኩባንያ እዚህ በክብር ገባ፣ ቅኝ አልተገዛንም ነፃ ነን የምንል ሰዎች ዘንድ። አዳማ ተወልጄ አድጌ፣ ሻይዬ ውስጥ ስንት ማንኪያ የወንጂ ስኳር ጨምሬ፣ ይህን ያወቅኩት ግን ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የነገረን የለም። ፋብሪካውን ደርግ በ1967 ዓ.ም. ወረሰው፤ ኢንዶኔዥያ ደግሞ የሆላንድ ኩባንያዎችን በ1950ዎቹ መጨረሻ ቀድማ ወርሳለች።

ኬንያ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚያ አንድ ቃል ከመፈክር ውስጥ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በደንብ ይታያል። ጫካ የገቡት፣ እንግሊዝ ማው ማው የሚላቸው፣ ራሳቸውን የመሬትና የነፃነት ጦር ነበር የሚሉት። በኪኩዩ ቋንቋ ያሉት «መሬትና ነፃነት» ነው፣ መሬት ቀድሞ። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ መሬት የሌለው ሰው እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም፣ ነፃ ልትለውም አትችልም። ቅኝ ገዢው የሰጠው መልስ የታወቀ ነው። በኦክቶበር 1952 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፣ ሕዝቡ በሽቦ በታጠረ መንደር ታጎረ፣ ከ1,000 በላይ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተሰቀለ።

ወደ ነፃነቱ ሲቃረብ ግን ከተማ ውስጥ የሚጮኸው ሌላ ሆነ፤ «ኡሁሩ»። በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። በ1961 ምርጫ ደግሞ ኡሁሩ ከኬንያታ ጋር፣ እንግሊዝ ያሰረቻቸው መሪ ጆሞ ኬንያታ ካልተፈቱ ነፃነት የለም ተባለ። ቃሉ ግሩም ነው፣ የየትኛውም ብሔር ስላልሆነ ሁሉም ይጮኸዋል። የሚጮኽበት ምክንያቱም ይኸው ነው፣ የሚያሳስበውም ይኸው ነው። መሬት የምትለዋ ቃል ወጥታ የሰው ስም ገባ። የናይሮቢው ጸሐፊ ኡሁሩ ሲል የነጩን አለቃውን ወንበር ያያል። ከጫካ የወጣው ታጋይ ኡሁሩ ሲል የአባቱን ማሳ ያያል። አንድ ሰልፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ አንድ ቃል እየጮኹ፣ ሁለት የተለያየ አገር እያዩ።

ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነፃነት ሆነ። ማሳውስ? የነጭ ሰፋሪዎቹ መሬት ተገዝቶ እንዲከፋፈል ተወሰነ። ተገዝቶ! ገንዘቡ ከእንግሊዝና ከዓለም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር፣ መሬቱን የሚያገኘው ገበሬም ዕዳውን ይከፍላል። ብር ያለው፣ ባለሥልጣን ዘመድ ያለው ጥሩውን ያዘ። ለተቀማ መሬት ከፍለህ ውሰድ ሲባል ጫካ የከረመው ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያቅትም። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ይህ ነገር አላማራቸውም፣ በ1966 ወጥተው ሌላ ፓርቲ አቋቋሙ፣ ፓርቲያቸው በ1969 ታገደ፣ እሳቸውም ታሰሩ። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ማው ማውን ሕገወጥ የሚያደርገው የቅኝ ግዛት ሕግ እስከ 2003 ድረስ አለመነሣቱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በነፃዋ ኬንያ። እንግሊዝ እንኳ በ2013 ማዘኗን ገልጻ ከ5,000 በላይ ለሆኑ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ካሣ ለመክፈል ተስማማች።

ከነፃነቱ በኋላ የኬንያታ መፈክር «ሃራምቤ» ሆነ፣ ጫኝ አውራጆች ከባድ ዕቃ ሲያነሱ የሚባባሉት ነው፣ እኛ «ሆ! ሆ!» ብለን ግንድ እንደምንጎትተው። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይቀበላል። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ተሠርቶበታል፣ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ግን ከኡሁሩ ወደ ሃራምቤ የሄደበትን መንገድ አስተውሉት። መጀመሪያ «ይገባናል» ነበር። ከዚያ «በሉ ጎትቱ» ሆነ።

ታሪፉን ጮክ ብሎ በመናገር ጊኒን የሚያህል የለም። ኦገስት 25 ቀን 1958 የፈረንሳዩ መሪ ደጎል ዋና ከተማዋ ኮናክሪ መጥተው ከፈረንሳይ ጋር በማኅበር እንድትቆዩ ወይ በራሳችሁ እንድትወጡ ምረጡ ሲሉ፣ የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ፊት ለፊታቸው ቆመው በባርነት ሀብታም ከምንሆን በነፃነት ድሃ መሆን እንመርጣለን አሉ። በሴፕቴምበር 28 ሕዝበ ውሳኔ ከ95 በመቶ በላይ ሕዝብ እምቢ አለ። ከፈረንሳይ የአፍሪካ ግዛቶች ውስጥ ብቻዋን ነው እምቢ ያለችው። ፈረንሳይም ባለሙያዎቿን፣ ሰነዷን፣ ገንዘቧን ጠቅልላ ወጣች። እሺ ያሉት ጎረቤቶቿ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አብዛኞቹ ነፃ መውጣታቸው ደግሞ ሌላ ምፀት ነው። ጊኒዎች ተነግሯቸው ነበር፣ ድህነቱ ሳይደበቅ ቀርቦላቸዋል። ያልተነገራቸው ሌላው ግማሽ ነው። ድህነት በነፃነት ያሉት ቱሬ ነፃነቱንም ወሰዱት፤ ካምፕ ቧሮ የሚባል እስር ቤት ተከፈተ። ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌ ልስጥ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ዲያሎ ቴሊ ጊኒያዊ ነበሩ፣ ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ ሆነው ሠርተዋል። አገራቸው ተመለሱ፣ ታሰሩ፣ በ1977 ካምፕ ቧሮ ውስጥ በረሃብ ሞቱ። ስለ አፍሪካ ነፃነት ስንቱን ንግግር ያዳመጡ ሰው።

ከሁሉም የሚሻለኝ የጊኒ ቢሳውና የኬፕ ቨርዴው አሚልካር ካብራል ነው። ሰውዬው የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ለፖርቹጋል መንግሥት የእርሻ ቆጠራ እያካሄደ መንደር ለመንደር ዞሯል፣ ገበሬው ምን እንደሚበላ በዓይኑ አይቷል። ለታጋዮቹ በ1965 ባስተላለፈው መመሪያ ሕዝብ የሚዋጋው በማንም ጭንቅላት ውስጥ ላለ ሐሳብ አይደለም፣ የሚጨበጥ ነገር ለማግኘት፣ ተሻሽሎ ለመኖር፣ ለልጆቹ ነገ ሲል ነው አለ። አትዋሹ፣ ቀላል ያልሆነውን ድል ቀላል ነበር አትበሉ አለ። ይሄ መፈክር ነው ወይ? ለመጮህ ይረዝማል። ምናልባት ለመፈክር ጯኺዎች የተጻፈ መፈክር ልንለው እንችላለን። ነፃነቱን ሳያይ በጃንዋሪ 1973 ኮናክሪ ላይ ተገደለ።

«እኛ ቅኝ አልተገዛን፣ ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። በፋሺስት ወረራ አምስት ዓመት ከፍለናል፣ እሱን ትቼ ግን ስለ መፈክር ከሆነ እኛ ማንንም እናስተምራለን። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፓርላማ ድረስ ወጥተው «መሬት ላራሹ! ተዋጉለት አትሽሹ!» አሉ። ቤት ይመታል፣ ርግጫ አለው፣ ታሪፉም «አትሽሹ» ውስጥ በጨረፍታ ተነግሯል። አሥር ዓመት ሲሞላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዋጁ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ገበሬው ከጌታው ፊት ቀና አለ። አዋጁን ግን አንብበው፤ መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ፣ አራሹ እስከ 10 ሄክታር መጠቀም ይችላል፣ መሸጥ አይችልም። «ላራሹ» የምትለዋ «ለ» ምን ማለት እንደሆነች ሰልፉ ላይ የጠየቀ አልነበረም። ለአራሹ እንዲያርሰው ነው ወይስ ለአራሹ የራሱ እንዲሆን? ስድሳ ዓመት ሆነን፣ በዚያች አንዲት ፊደል ላይ እስካሁን እንከራከራለን።

«ኢትዮጵያ ትቅደም ያለምንም ደም» የሚለውን ደግሞ ጋሼ ሲጠቅሱት ድምፃቸው ይለወጣል። ያኔ ወጣት ነበሩ፣ እሳቸውም ጮኸውታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በማግስቱ መፈክሩ ግማሹ ብቻ ቀረ። «ሁለተኛውን ግማሽ ማን እንዳነሣው አናውቅም፣ ዝም ብሎ መባል ቆመ» ይላሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላማ ኢሕአፓ «እናቸንፋለን» ሲል ሌላው «እናሸንፋለን» እያለ፣ በቸ እና በሸ የሰው ወገን የሚለይበት ዘመን መጣ። መርደካ ያልመለሰውን ሰው አስታውሱት።

ወደ ስልኬ ልመለስ። ዛሬ ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ውስጥ ፈረንሳይ ውጪ የሚለው ጩኸት መድረሻው ደርሷል፤ የፈረንሳይ ጦር ከማሊ በ2022፣ ከቡርኪና በ2023 መጀመሪያ፣ ከኒጀር በዚያው ዓመት መጨረሻ ወጥቷል። የቡርኪናፋሶው መሪ ሻምበል ኢብራሂም ትራኦሬ ንግግራቸውን የሚዘጉት «አገር ወይም ሞት፣ እናሸንፋለን» ብለው ነው። የቀድሞው የቡርኪና መሪ የቶማስ ሳንካራ ነበር፣ ሳንካራም ከኩባ ነው ያመጣው፣ ካስትሮ በ1960 ያለውን። የእኛ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት»ም የዚያው ቤት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ መፈክር አንድ ጉድ አለው። ታሪፉን ይናገራል፣ በግልጽ፣ ሞት ነው። ግን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

የሳህል ወጣት ቁጣው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ነፃነት ከተባለ ከስድሳ ዓመት በኋላ የሌላ አገር ጦር ግቢህ ውስጥ ሰፍሮ፣ ታጣቂው ሳይጠፋ ሲስፋፋ ማየት ያቃጥላል። ነገር ግን ጦሩ ወጥቶ ሦስቱም አገሮች አሁንም የሚገበያዩት ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ዘመን በተረፈው ገንዘብ፣ በሲኤፍኤ ፍራንክ ነው። በ2025 መጨረሻ ታጣቂዎቹ ወደ ማሊ ዋና ከተማ ወደ ባማኮ የሚወስደውን መንገድ ዘግተው፣ ከተማው ውስጥ ሰዉ ለነዳጅ ተሰልፎ ያድር ነበር። ምርጫው መቼ ነው የሚል ጥያቄ ደግሞ ሰልፉ ላይ ቦታ የለውም፣ የጠየቀ የፈረንሳይ ተላላኪ ይባላል። ድሮ መፈክር ጉሮሮ ይፈልግ ነበር፣ አደባባይ ወጥተህ ፊትህን አሳይተህ። አሁን አውራ ጣት ይበቃዋል። እኔ አዳማ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ፣ በሌላ ሰው አገር ላይ «ወይም ሞት» የሚለውን ሼር አድርጌዋለሁ። ምንም አልከፈልኩም።

አልጄሪያዎች ግን አንድ ጊዜ መፈክሩን ገልብጠውታል። ሰባት ዓመት ተኩል የፈጀው ጦርነት በ1962 ሲያበቃ ድል አድራጊዎቹ ለሥልጣን እርስ በርስ መታኮስ ጀመሩ። ሕዝቡ መሀላቸው ገባና «ሰባት ዓመት ይበቃል!» አለ። ማንም ፓርቲ አላዘጋጀውም። መድረሻ የለውም፣ ጠላት አይጠራም፣ ሒሳቡን ነው የሚናገረው፤ ይህን ያህል ከፍለናል፣ ከዚህ በላይ የለንም። በ2019ም ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካ ለአምስተኛ ጊዜ ልወዳደር ሲሉ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ወጥተው «ሁሉም ይነሡ» አሉ፤ እሳቸው በኤፕሪል ለቀቁ፣ ሁሉም ግን አልተነሡም።

አንድ የምወደውን ልጨምር። ዛምቢያ ውስጥ ታጋዮቹ «ክዋቻ!» ይሉ ነበር፣ ነጋ ማለት ነው። ሕዝቡ «ንግዌ!» ብሎ ይቀበላል፣ ቦግ አለ እንደማለት። ኦክቶበር 24 ቀን 1964 ነፃ ወጡ፣ በ1968 ፓውንድን ትተው የራሳቸውን ገንዘብ ሲያወጡ ብሩን ክዋቻ፣ ሳንቲሙን ንግዌ አሉት። ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ዕዳው መጣ፣ ኑሮው ተወደደ፣ በ2013 ከክዋቻው ላይ ሦስት ዜሮ ተቆረጠ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሲኒውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ሉሳካ ውስጥ ረዳቱ ታሪፍ የሚሰበስበው በመፈክር ነዋ» አሉኝ፣ ሳቁ፣ የሁለታችንንም ሒሳብ ሊከፍሉ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቡናው ከባለፈው ሳምንት አምስት ብር ጨምሯል።